የአባዬ ባዝራ

ጥር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙ የአባዬን ባዝራ መርምሮ «አርግዛለች» አለኝ። ደስታዬን የት ላድርሰው!

አባዬ ከሞተ ወዲህ ለክብሩ ብለን ማንም እንዳይጋልባት ኮርቻውን ሰቀልነው። ገብስ እያበላን አስረን አስቀመጥናት። ወፈረች። ሁለት ዓመት ከድንጉላ ፈረስ ጋር ብናገናኛትም አልያዘችም፤ እኛ ሐዘን ነው አልን። ሐኪሙ ግን ያን ጊዜ «ሐዘን አይደለም፣ ስብ ነው፤ አንቀሳቅሷት» ብሎ ሳቀብን። አፈርኩ።

ኮርቻውን ያወረደችው እማዬ ናት። «አባትህ ፈረስ አስሮ አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እስከ ዘንገና ሐይቅ ሳመላልሳት ከረምኩ።

ምሥራቹን ስነግራት እማዬ እልል አለች። ቆይታም «ነገ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሄዳ አታውቅም።