የሽማግሌው ጉልበት

ይድረስ ለውድ እታለሜ፣

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት የጎረቤቴን ነገር ልንገርሽ፤ ባለፈው «ያቺ ጎረቤትሽ፣ የሥራ ባልደረባሽ፣ ሆዷን እንዴት ሆነች?» ብለሽኝ ነበር። የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘና ሰኞ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ደኅና ናት፤ ግን ገና ከአልጋ አልወረደችም። ልጆቿን የያዛቸው ሹፌሩ ባሏ ነው። ሩዙን አንድ ቀን ጥሬ፣ አንድ ቀን ከሰል እያደረገ ያበላቸዋል። ትንሿማ «እማዬ ካልመጣች አልበላም» ብላ አድማለች።

እናንተስ እንዴት ሰነበታችሁ? የእማዬ ወገብ እንዴት ነው? ያንቺስ ዓይን? መነጽሩን አድርጊው እንጂ መሳቢያ ውስጥ አታስረጂው። እኔ ለወጉ ደኅና ነኝ፤ እህል ግን አልወርድልሽ ብሎኛል። ምክንያቱን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ላንቺ ላውጣው።

እንደምታውቂው የምንሠራው ለልጆች ፊልም የሚሆን የጭቃ ሰው ነው። መጀመሪያ ሁለት ቀጭን ሽቦ እንደ ገመድ ገምደን አጥንቱን እናወጣለን፤ ከዚያ የማይደርቀውን ባለ ቀለም ጭቃ እንደ ሥጋ እናለብሰዋለን። ቁመቱ ስንዝር ቢሞላ ነው። ፎቶ አንሺው እግሩን ቅንጣት ታህል ነቅነቅ አድርጎ ያነሳዋል፣ ደግሞ ነቅነቅ አድርጎ ያነሳዋል፤ ፎቶው ሲገጣጠም ሰውዬው በራሱ የሚሄድ ይመስላል። እኔና ጎረቤቴ ጎን ለጎን ተቀምጠን አጥንት ስንገምድ ስምንት ወራችን። ከወለል መጥረግ አውጥታ እዚህ ያስገባችኝም እሷ ናት፤ «እጇ ሥራ ያውቃል» ብላ ዋስ ሆነችልኝ።

አሁን ጉዴን ስሚ። የፒንሳው ጥርስ ሽቦውን እንዳይነክሰው አፉን በፕላስተር መጠቅለል ደንባችን ነው፤ የተነከሰ ሽቦ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይበጠሳል። እኔ ፕላስተሩ እያንሸራተተ ቢያስቸግረኝ ላጥ አድርጌ ጣልኩት። ከጎረቤቴ ጋር ተጋግዘን የሠራነውን የጭቃ ሽማግሌ ጉልበት ሳጥፍ ጥርሱ ሽቦው ላይ ምልክት ሲያደርግ አይቻለሁ። አይቻለሁ እታለሜ፣ አላየሁም አልልሽም። «ጭቃ ይሸፍነዋል» ብዬ ሸፈንኩት።

ሽማግሌው በፊልሙ ፖስታ አዳይ ነው፤ ሃያ ደረጃ ይወጣል። ማክሰኞ አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ጉልበቱ ቋ አለና ተሰበረ። የሦስት ቀን ልፋት ገደል ገባ። አለቃችን ሰብስቦን «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለ። መልስም ሳይጠብቅ «የበሽተኛዋ ነው እንጂ የማን ይሆናል፤ ሰሞኑን ሆዷን ይዛ ነው ስትሠራ የከረመችው። በሷ ቦታ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ጨረሰው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጭቃዬን ማድቦልቦል ቀጠልኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እዚህ ግን የተወጋችው ነገሩን አታውቅም፤ እንቅልፍ ያጣሁት ወጊዋ ነኝ።

ሐሙስ ልነግራት ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ «ሽማግሌዬ ደረጃውን ወጣልኝ?» ስትለኝ «እየወጣልሽ ነው» አልኳት። ብርቱካኑን ልጬ ሰጥቻት ተመለስኩ።

ብናገር የኔ እንጀራ ይሄዳል፤ ባልናገር የሷ። በዚህ ዕድሜዬ ተመልሼ መጥረጊያ ልይዝ ነው? ሰኞ እናገራለሁ ብያለሁ፤ ረቡዕም እንዲሁ ብዬ ነበር፣ ሐሙስም። አንቺ ብትሆኚ ያኔውኑ አፍርጠሽው ነበር፤ አውቅሻለሁ።

የእማዬን እጅ ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነቢላት። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፣ ያንን ጺሙን ይላጨው። ትልቋ ልጅሽስ፣ ፈተናው እንዴት ሆነላት? ወንድማችንንም መጻፍ ቢያቅተው ባንቺ ደብዳቤ ጥግ ላይ ስሙን እንኳ ይፈርም በይው።

ታናሽ እህትሽ
ከቤቴ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥቅምት 9 ቀን

እታለሜ፣ ይህን የምጨምርልሽ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው፤ ፖስታውን ልለጥፍ ስል የጎረቤቴ ባል መጣ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። አለቃችን ትናንት የተሰበረውን እግር በመሐረብ ጠቅልሎ ሆስፒታል ድረስ ሄዶባታል አለኝ። ጭቃውን ልጦ ሽቦውን እጇ ላይ አስቀመጠላት። እሷ አገላብጣ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ከዚያ «አዎ፣ የኔ ነው» አለችው። «አንቺ እንደ እህቷ ነሽ፤ እባክሽ አለቃሽን ለምኝልን» አለኝ ሰውዬው፣ ዓይኑ ቀልቶ።

እኔ ግራኝ መሆኔን መቼም አትረሺም። ሽቦ ስገምድ ወደ ግራ ይዞርብኛል፤ የሷ ወደ ቀኝ ነው። አለቃው ልብ ብሎት አያውቅም፤ «የግራኝ ገመድ» እያለች ስትስቅብኝ የኖረችው ግን እሷ ናት። ገና ስታየው አውቃዋለች።

እዚያው በቆመበት ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ቀጥሎ ሰዓቱን አየና «አለቃሽ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለው። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ጫማሽን አድርጊ፣ ጎረቤት» አለኝ።