በሽርጥ የመጣ ምስክር

…አባቴ ሽርጡን እንደገና አገለደመ፤ በርዎ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው… ይቅርታዎን፣ ክቡር የመሬት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤ ሰላምታ ሳላቀርብ ከመካከል ጀመርኩ። የእርስዎና የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም የሱሪዎ ተኩስ አለመበላሸት፣ የዘወትር ምኞቴ ነው። የምጽፈው በሽርጥ መግባትን ስለከለከለው ማስታወቂያዎ በከሚሴ ሕዝብ ፊት ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥበቃዎ። ባለፈው ሳምንት አባቴ በድሩ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሃራ ሊመሰክር መጣ። የሟች ባሏ ወንድም ጨፋ ሜዳ ላይ ያለውን የማሽላ ማሳዋን ድንበር ገፍቶባታል፤ ድንበሩ ሲተከል ከነበሩት በሕይወት ያለው አባቴ ብቻ ነው። ጥበቃዎ ከወገቡ በታች አየውና፣ «አባባ፣ ሱሪውን ሚስትዎ ለብሳው ወጣች እንዴ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀው። ሰልፈኛው ሳቀ። ከሳቁት ብዙዎቹ ቤታቸው ሲገቡ ሽርጥ እንደሚያገለድሙ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። አባቴም፣ «ልጄ፣ የምመሰክረው እኮ በአፌ ነው» ብሎ ተመለሰ።

ሁለተኛ፣ ስላመጡልን አዲስ ሥራ። በርዎ አጠገብ ሻይ የምታፈላው ረቢአ ለባለጉዳይ የምታውሰው አንድ ሱሪ ምስማር ላይ ሰቅላለች። ከሰንበቴ ገበያ የመጣው ከብት ነጋዴ ጉዳዩን ጨርሶ ሲያወልቀው የባቲው ገበሬ ተቀብሎ ይገባል፤ ለረጅሙም ለአጭሩም ያው ነው። አባቴ ግን የሌላ ሰው ገላ ሙቀት ባልለቀቀው ልብስ እውነት መናገር እንደሚከብደው ነገረኝ። ምናልባት እንዲህ አላለም። ሱሪውን አየት አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።

ሦስተኛ፣ በባህል ቀን እርስዎም ሽርጥ አገልድመው የተነሡት ፎቶግራፍ ቢሮዎ ውስጥ ተሰቅሏል ይባላል። ልናየው አልቻልንም፤ ለብሰን የመጣነው እንደ ፎቶው ነበር። ሽርጥ በየትኛው ቀን ባህል፣ በየትኛው ቀን ነውር እንደሚሆን አብረው ቢለጥፉልን ምስጋናችን ወሰን አይኖረውም።

አራተኛ… አራተኛው ጠፋኝ። የዛሬ ጠዋቱ ቀጠሮ የመጨረሻው ነው፤ ምስክር ካልቀረበ ማሳው ለባሏ ወንድም ይጸናል ተብሏል። እትዬ ዘሃራ ደጃችን ቆማለች። ሱሪ ልበስልኝ ማለት አፍራ መሬት መሬት ታያለች።

ሱሪን በክብር ከሚያስገባው በርዎ ውጭ፣ በታላቅ አክብሮት ቆሜ፣
ሰልማን በድሩ፣ ከሚሴ

ማሳሰቢያ፦ ለፎቶግራፉ የተዋሱት ሽርጥ የአባቴ የዒድ ሽርጥ ነው፤ ሲመችዎ ይመልሱለት። የዘወትሩ አልጋው ላይ አለ፤ አጠገቡ የእኔን ሱሪ አጥፌ አኑሬለታለሁ። ጀርባዬን ለአባቴ ሰጥቼ ነው ይህን የምጽፈው። አሁን አንዱን አነሣ፤ የጨርቁ ድምፅ ተሰማኝ። አልዞርኩም። በሩ ተዘጋ።