የእማ ኮባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2006፣ ቡታጅራ

ልብስ አጠብኩ። ሳሌሃ ሳሙናውን ጭቃ ውስጥ ከተተችው። ልቆጣ ስል አሳቀችኝ፣ ይቺ ጉደኛ ልጅ። የመውለጃዬ ወር ገብቷል፣ ማጎንበስ አቅቶኛል። ዓርብ እማ ከገጠር ለገበያ ትመጣለች። "እኔ ጋ ነው የምትወልጂው" ልትለኝ። ሳሌሃንም ያዋለደችኝ እሷው ናት። አገሩን ሁሉ ያዋለደች ሴት...

ግን ያኔ ሳሌሃን ስወልድ የፈሰሰኝ ደም? ጋቢው፣ ፍራሹ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጤና ጣቢያ ለክትትል ሄድኩ። ሲስተር ናዝራዊት ስትቀልድ ነበር። የሳሌሃን ጊዜ ስነግራት ሳቋ ጠፋ።

"ሀያቱ፣ አንዴ የደማች ሴት ደግማ ልትደማ ትችላለች። ቤት መውለዱን እንዳታስቢው።"

ቤት ስገባ ባሌን ሸረፋን ጠየቅኩት። "አንቺ እንዳልሽ" ብሎኝ ወደሚሸጠው በርበሬ ዞረ። እንዳልኩ! የምለውን ባውቅ ባሌን እጠይቅ ነበር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

እማ ቅቤና ቡላ ተሸክማ መጣች። ሳትቀመጥ ሲስተር ያለችኝን ነገርኳት። ሸክሟን አወረደች።

"የእኔ የዘይባ ልጅ ጤና ጣቢያ ወለደች ከተባለ፣ ከእንግዲህ ማን በሬን ያንኳኳል?"

"እማ፣ ደምቼ ነበር እኮ!"

"ተርፈሽ የለ?"

ተርፌያለሁ። እማ ግን ቀጠለች።

"እንግዴ ልጁንስ? ጉድጓድ ነው የሚጥሉት። ከደጃችን ካልተቀበረ ልጁ አገሩን በምን ያውቃል?"

የሳሌሃ እንግዴ ልጅ የተቀበረው እማ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነው። እንሰቱ ዛሬ ከአጥሩ በላይ ሆኗል። በሄድን ቁጥር እማ ልጅቷን እጇን ይዛ እዚያ ትወስዳታለች።

ረታችኝ። እሺ፣ አንቺ ጋ እወልዳለሁ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

እሺ ያልኩት ፈልጌ ነው ወይስ እማን ፈርቼ? አንድ ነገር ብሆን ሳሌሃን ማን ያሳድግልኛል? ያ አላህ...

እሑድ፣ ጥቅምት 24

እማ ቤት ከመጣሁ ሰነበትኩ። ዛሬ ሆዴን በቅቤ ስታሸኝ እጇ ድንገት ቆመ።

"ምነው እማ?"

"ምንም።" ከዚያ ቅቤ እየጨመረች፣ "የሌላ ሰው ልጅ ሳዋልድ እጄ አይንቀጠቀጥም። ያኔ ደምሽ ሲፈስ አንቺን ስይዝ ግን..."

ተላቀስን። እኔ ደግሞ ምንም ያልመሰላት መስሎኝ ስንት ጊዜ በሆዴ ተቀይሜያታለሁ! ለካ ፍርሃቷን ለብቻዋ ይዛው ነው የኖረችው።

"ነገ ባጃጅ ይጠራልን፣ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "እንግዴ ልጁን ግን ይሰጡኛል።"

"ይሰጡሻል፣ ኢንሻላህ።"

ጓሮ ወጥታ ኮባ ቆረጠች። የእንግዴ ልጁ መጠቅለያ እንዲሆን ቅጠሉን በእሳት ለብልባ አጠፈችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ወንድ ልጅ። አልሀምዱሊላህ። ብዕር መያዝ የቻልኩት ገና ዛሬ ነው።

ደማሁ። እንደዚያን ጊዜው... ባሰ እንጂ። ሲስተር ናዝራዊት መርፌ ወጋችኝ፣ ሆዴን ተጫነችው፣ "ሀያቱ! ዓይንሽን ክፈቺ!" እያለች ትጮሃለች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም።

ስነቃ እማ አጠገቤ ተቀምጣለች። ኮባው እንደታጠፈ ጭኗ ላይ ነው። ለካ በዚያ ትርምስ ማንም ያስታወሰ የለም፣ እንግዴ ልጁ ጉድጓድ ገብቷል።

"እማ... ኮባሽ እኮ ባዶውን ቀረ።"

እጄን ሳብ አድርጋ ያዘችኝ። የእሷ እጅ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

"ተይው ልጄ። አንቺን ሰጥተውኝ የለ?"