ማሂ አያቷን ራት ጠራች

ሐሙስ፣ ጥር 21

ዛሬም ከኖርዝ ዮርክ እስከ ስካርቦሮ፣ የቶሮንቶን ግማሽ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት። ልጄን ማሂን ከሕፃናት መዋያዋ ወስጄ ሌላ አውቶቡስ ስንሳፈር፣ ማሂ አንዲት ሴትዮ ያቀፈቻትን ቡችላ አየችና ቡችላዋን "እንደምን ዋሉ?" አለቻት። ገና አራት ዓመቷ ነው። ትልቅ ሰው "እርስዎ" ነው የሚባለው እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳስጠናት ነበር፣ ለአያቷ ብዬ። ቡችላዋን አከበረች፤ አያቷን ግን አሁንም "አንተ" ነው የምትላቸው።

አባባ፣ እማዬ ከሞተች በኋላ እኔ ጋ ቢመጡም ከክፍላቸው እምብዛም አይወጡም። ልብሳቸው ሁሉ እየሰፋቸው ነው። ማታ ራት ቀርቧል ስላቸው እንደ ልማዳቸው "ጠግቤያለሁ ልጄ፣ እናንተ ብሉ" አሉኝ። ለመለመን አቅም አልነበረኝም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማሂ ተነስታ በራቸው ላይ ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እኔ እሷን በምቆጣበት ድምፅ፣ "አንተ፣ ና ብላ። ይቀዘቅዛል" አለቻቸው።

በጣም አፈርኩ። አባባ ግን ወጡ። ሊቀመጡ ሲሉ "እጅህን ታጥበሃል?" ብላ አስቆመቻቸው። ሄደው ታጠቡ። ከዚያ ምስር ወጡን ቀስ እያሉ በሉ፤ ሁለቴም ጨመርኩላቸው።

ሲጨርሱ ማሂን ልቆጣት አፌን ስከፍት፣ አባባ ባዶ ሳህናቸውን አንስተው አሳዩዋት።

"ጎበዝ" አለቻቸው።

አፌን ዘጋሁ። ሳህኖቹን ለነገ ትቻቸዋለሁ።