መንጃ ፈቃዴና የእማማ ወርቅአፈራሁ ቶርታ

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ዝናብ። ከጠዋት እስከ አመሻሽ። ፍልሰታ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነውና ባንኮኒው ውስጥ ያለው የፍስክ ኬክ ፈላጊ አጥቶ ተደርድሯል። አለቃዬ ጋሽ ዘርኡ ጾም በገባ ቁጥር እንደሚያደርጉት ዛሬም ፊታቸውን አጥቁረው ዋሉ።

አምስት ቶርታ አደረስኩ። አንዱም አልተነካካም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፒያሳ ቶርታ ጭኜ ስወጣ አንድ የክሬም አበባ እንኳ አላበላሸሁም። ይህን ለማን ልንገር? ቶርታዎቹን የምትሠራው ዐፊፋ ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል። ዛሬም ክሬም እየቀባች፣ "ሉሌ፣ ሐውልት እናቁምልህ?" አለችኝ።

"ቦታ ካለ አልጠላም።"

እሁድ ሁለት ትልልቅ ትእዛዝ አለ። አንደኛው የእማማ ወርቅአፈራሁ ሰማንያኛ ልደት፣ ሥላሴ አካባቢ። የጾም ነው። ሁለተኛው የጋሽ ረሻድ ልጅ ምርቃት፣ ስድስት ኪሎ። እሱ የፍስክ ነው። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ሮዝ አበባ ያላቸው። የጾሙ በዘይት፣ የፍስኩ በቅቤና በእንቁላል ይሠራል እንጂ ላያቸው መንታ ናቸው። ዐፊፋ ለመለያ የጾሙ ጠርዝ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ታደርጋለች። "ሳጥኑ ላይ ያለውን ወረቀት እያየህ" አለችኝ። ለእኔ ነው የምትነግረው?

እሁድ፣ ነሐሴ 4

ከየት ልጀምር...

ሳጥኖቹን ስጭን ዝናቡ ወረቀቶቹን አላቀቃቸው። ሁለቱም እግሬ ሥር ወደቁ። ክዳን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። አልከፈትኩም። የትኛው የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ ብዬ ወረቀቶቹን መልሼ ለጠፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ክዳን ይከፍታል? አይከፍትም። ኩራት አለበት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ወርቅአፈራሁ ቤት። ልጃቸው ምኞት ተቀበለችኝ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምንቆርሰው፣ በጊዜ መጣህ" ብላ አመሰገነችኝ። ከዚያ ስድስት ኪሎ። ጋሽ ረሻድ በር ላይ ተመራቂዋ ልጃቸው "እስቲ ልየው" ብላ ክዳኑን አነሳች።

አረንጓዴ ነጥብ።

ቅቤው ሥላሴ ነው ያለው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ የጾሙ ሴት ፊት። ሰዓቴን አየሁ፤ ለዘጠኝ ስምንት ደቂቃ ጉዳይ። ምኞት ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አታነሳም። "ተሳስቻለሁ፣ አሁን እመለሳለሁ" ብዬ ቶርታውን ከጋሽ ረሻድ ልጅ እጅ ነጥቄ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ዝናቡ አባርቷል። መንገዱ ባዶ፣ አስፋልቱ ታጥቦ የሚያበራ። እግሬ ምን እንደሠራ አላውቅም። ትራፊኩ እጁን ሲያነሳ ነው የነቃሁት።

"ጋሼ፣ በስንት የሚነዱ ይመስልዎታል?"

"አርባ... ቢበዛ አርባ አምስት።"

መሣሪያውን አዙሮ አሳየኝ። ሰባ አንድ።

"ኬክ ጭኜ ነው" አልኩት። ይህ ምን ዓይነት ምክንያት ነው? ኬክ የጫነ ሰው ቀስ ይላል እንጂ። እሱም እንደዚያ ሳያስብ አልቀረም፤ አንድ ጊዜ ሳጥኑን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። ጨዋ ልጅ ነው። አልተቆጣኝም። የቅጣት ወረቀቱን በጥንቃቄ ጻፈ። በጣም በጥንቃቄ። ፊደል በፊደል። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ስደርስ ቶርታው ተቆርሷል። ቤቱ በሰው ሞልቷል። እማማ ወርቅአፈራሁ ነጠላቸውን አጣፍተው መሀል ተቀምጠዋል፣ ሳህን ጭናቸው ላይ፣ ሹካ አፋቸው ውስጥ።

"ምን ረሳህ ልጄ?"

"ቢላዋ" አልኩ። "የኬኩን ቢላዋ ሳልሰጣችሁ..."

"ቢላዋማ አለን። ና፣ ቁጭ በልና ቅመስ።"

"ጾመኛ ነኝ" ልላቸው ትንሽ ነው የቀረኝ።

የጾሙን ቶርታ ወደ ጋሽ ረሻድ ቤት መለስኩት። እነሱ ምንም አልመሰላቸው። "ቀለል ይላል" ብለው ወደዱት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሪከርዴን ለማየት መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄድኩ። ከአሁን በፊት ሁለት ጊዜ እየነዳሁ ስልክ ሳነሳ ተይዣለሁ። ደዋዩ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ዘርኡ ናቸው፣ "የት ደረስክ?" ለማለት። የትናንቱ ሲጨመርበት የቅጣት ነጥቤ ሞላ።

በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ፣ "መንጃ ፈቃድዎ ለስድስት ወር ሊታገድ ይችላል" አለችኝ።

"ሊታገድ ይችላል ነው ወይስ ይታገዳል?"

"ቅሬታ ካለዎት እስከ 23 ያስገቡ። ያስቸኮለዎት ከባድ ነገር ከነበረ የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ ይመስክርልዎት። ኮሚቴው ያየዋል።"

ስድስት ወር... መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ይሁን። ጥር ወርስ? የሰርግ ወር ነው። ጥር ላይ ባለአራት ፎቅ ቶርታ ማን ሊሸከም ነው? ጋሽ ዘርኡ ሌላ ሹፌር ከቀጠሩ ደግሞ በስድስት ወሩ ልመለስ ስል ቦታዬ ላይ ሰው አለ። መኪና ከመንዳት ሌላ ምን አውቃለሁ?

ለባለቤቴ ለእየሩስ ነገርኳት። ታዝናለች ብዬ ነበር። "በፍጥነት? አንተ? ከእግረኛ ጋር እኩል የምትሄደው ሰውዬ?" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ለጋሽ ዘርኡ እውነቱን አወጣሁ። የቶርታውን መለዋወጥ ጭምር። ሰምተው ሲጨርሱ፣ "ታዲያ ሴትዮዋ ይጻፉልህ። ጾሜን ለማዳን ብሎ ነው የሮጠው ይበሉ፤ ኮሚቴውም ጾመኛ አያጣም" አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ደብዳቤውን ራሳቸው በእርሳስ አርቅቀው ሰጡኝ፤ የሚቀረው የእማማ ፊርማ ብቻ።

ግን ሊፈርሙ ማወቅ አለባቸው። ቅቤ በልተዋል ብዬ ልነግራቸው ነው። በሰማንያ ዓመታቸው።

ዐፊፋ ዱቄት እየነፋች ትሰማለች። "እኛ ዘንድ ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም ይባላል" አለች። "እናንተ ዘንድስ?"

አላውቅም። የንስሐ አባቴን ብጠይቅ ማን እንደበላ ይጠይቁኛል። ከእንግዶቹም ስንቱ ጾመኛ ነበር...

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በአርባ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ነፋብኝ። አንዱ አልፎኝ ሲሄድ "አባት፣ መኪናው ታሟል?" አለኝ።

እሁድ፣ ነሐሴ 18

ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ኬክ ቤቱ መቆሚያ የለውም። ጋሽ ዘርኡ ፊታቸው ተፈቷል።

ከሰዓት እማማ ወርቅአፈራሁ ቤት ሄድኩ። ደብዳቤውን ኪሴ ይዤ። የእንጨት በረንዳ ያለው የድሮ ቤት ነው፤ ቀስ ብለው ካልረገጡት ወለሉ ይናገራል። እማማ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁ። ስለ ክረምቱ አወራን። ስለ ፒያሳ ለውጥ አወራን። አሁን ልበል... አሁን... እያልኩ ሻይ ጨረስኩ።

በመሀል ምኞት፣ "እማዬ እኮ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ጾም አጉድላ አታውቅም" አለችኝ፣ በኩራት።

"ተይ አንቺ" አሏት እማማ። ትሕትና ነው።

እንዴት ብዬ ነው ከዚህ በኋላ ወረቀት የማወጣው?

ልሄድ ስነሳ እጄን ይዘው ትኩር ብለው አዩኝ። "ምን ልትለኝ ነበር የመጣኸው?"

"እንኳን አደረሰዎ ልል ነው።"

ደብዳቤውን እየሄድኩ ቀደድኩት። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ መጣሁ። ፈርቼ ነው የቀደድኩት ወይስ አዝኜላቸው? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ቅሬታ አላስገባሁም ማለት ነው? ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ ቅጽ ተቀብዬ፣ "ያስቸኮለዎት ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ብዙ አሰብኩ። "ክዳን ባለመክፈቴ" ብዬ ልጽፍ ነበር። የቱ ኮሚቴ ይገባዋል?

"ጥፋቴ ነው" ብዬ ጻፍኩና ሰጠኋት። ልጅቷ አነበበችው። "ይህ እኮ ቅሬታ አይደለም" አለችኝ።

"አዎ፣ አይደለም።"

ስወጣ ቀለለኝ። ምኑ ነው ያቀለለኝ? መንጃ ፈቃዱን እኮ አጣለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ታገደ። ስድስት ወር፣ ከዛሬ ጀምሮ። መንጃ ፈቃዴን አስረከብኩ። ፎቶው ላይ ጸጉር አለኝ፤ እሱም አብሮ ሄደ።

ለጋሽ ዘርኡ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። "እንግዲህ ሹፌር ላፈላልግ" አሉ። ዐፊፋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ከቦርሳው ትንሽ ቦርሳ አወጣች፣ ከትንሹ ቦርሳ መንጃ ፈቃድ አወጣች።

"ስድስት ዓመቱ ነው።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ማን ጠየቀኝ?"

እውነቷን ነው። ማንም አልጠየቃትም። እኔ ስለ ራሴ ሳወራ አፏን የምትከፍትበት ቀዳዳ መቼ አገኘች? ከእንግዲህ ጠዋት ትሠራለች፣ ከሰዓት ትነዳለች። እኔ ጠዋት ባንኮኒ ላይ ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ከሰዓት ጋቢና ተቀምጬ ቶርታ እይዛለሁ። ጋሽ ዘርኡ ተስማሙ። እንደዚህ ሆነ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ ዘነበ። ልጆች መንገድ ላይ ይጨፍራሉ፣ ትልልቆቹም በረንዳ ላይ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ።

ዐፊፋ አነዳዷ... እንዴት ልበል። ጥሩ ነው። ከእኔ ይሻላል አልልም፣ ግን ጥሩ ነው። ከአትክልት ተራ በኩል ስንወርድ እግሬ የሌለ ፍሬን ረገጠ። ደግሞም ረገጠ።

"ሉሌ፣ ወለሉን ልትበሳው ነው?"

ቶርታው ጭኔ ላይ ነው። ከመሪ ጀርባ ሆኜ ሰው አላይም ነበር፤ የማየው ታክሲ ነው፣ እግረኛ ነው፣ መብራት ነው። ዛሬ ሰው አየሁ። ዣንጥላ ተጋርተው የሚሳሳቁ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ከሰባ በላይ። ሁለቱም አንድ አንድ ትከሻቸው በስብሷል።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

ዐዲስ ዓመት። ዐፊፋ በክሬም ስም መጻፍ እያስተማረችኝ ነው። ዛሬ "እንኳን አደረሳችሁ" ጻፍኩ። "ችሁ" ቦታ አጥቶ ጠርዙ ላይ ወረደ። ደንበኛው ሳቀ እንጂ አልመለሰውም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

እማማ ወርቅአፈራሁ መጡ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ። ምኞት በር ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች። ባንኮኒውን ተደግፈው፣ "መኪናውን ሴት ናት አሉ የምትነዳው። አንተ ምን ሆነህ ነው?"

ነገርኳቸው። ፍጥነቱን፣ ቅጣቱን፣ ስድስት ወሩን።

"ወዴት ስትሮጥ?"

ከእንግዲህ መደበቅ አልቻልኩም። "ወደ እርስዎ። ያ የልደትዎ ቶርታ... የጾም አልነበረም እማማ። ሳልከፍተው ቀየርኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"መቼ አወቁ?"

"ገና አፌ ውስጥ ሳለ። ያን ያህል ዓመት ጾሜ ቅቤ ይጠፋኛል? ጎረስኩ፣ አወቅሁ፣ ቀና ስል አንተ በር ላይ ቆመሃል። ፊትህ አመድ መስሎ ቢላዋ ቢላዋ ትላለህ። ወዲያው ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሃያ ሰው በልቷል። ላስደንግጠው? የእነሱም በእኔ ይሁን ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። እሳቸው ግን ያውቁኛል። 'ስንት ጎረሱ?' አሉኝ።"

"ስንት ጎረሱ?" አልኩ እኔም።

ወደ በሩ ዞር ብለው ምኞትን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ፍልሰታ ነው የተወለድኩት። ልደቴ ፍስክ ሆኖ አያውቅም። የመጀመሪያው ጉርሻ ያንተ ጥፋት ነው። ሳህኑን የጨረስኩት ግን እኔ ነኝ።" ጠጋ ብለውኝ፣ "ደገምኩም" አሉ።

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

"ደብዳቤ ልጻፍልህ? ሄጄ እመሰክራለሁ።"

"ቀኑ አልፏል እማማ። ደግሞ ሮጫለሁ፣ ሐሰት አይደለም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያስ እኔ የተሰጠኝን ስግደት ጨርሻለሁ፣ ጉልበቴ ይመስክር። አንተም ያንተን ጨርስ።"

ከዚያ በከዘራቸው የባንኮኒውን መስታወት ነካ አድርገው፣ "ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ከዚህ ከነጩ ቁረጥልኝ። ለራስህም።"

ሁለት ቆረጥኩ። ቆመን በላን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ረጋ ብዬ የበላሁት ግን ዛሬ ገና ነው። ለካ ዐፊፋ እጇ ይጣፍጣል፣ ቅቤ አለበት።