ለእማዬ ያልታሰበው ድምፅ

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንዴት ሰንብተሻል? እማዬስ ልቧ እንዴት ሆነላት? መድኃኒቷን አላቋረጠችም? እኔና አባባ እዚህ ባሕር ዳር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ከዚህ በላይ ሰላምታ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም፤ ስልኩ ተቋርጧል፣ ሹፌሩ አለበልም የሐሙሲቱን ሚኒባስ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ጠዋት በእሱ እጅ የላክሁልሽን ሚሞሪ እባክሽ እማዬ ስልክ ላይ እንዳትጭኚው! ጭነሽው ከሆነም ዛሬውኑ አጥፊው።

አባባ ውዳሴ ማርያም ሲያስተምሩ የቀዳሁበትን አፕ ታውቂዋለሽ። ከአንድ ፕሮጀክት ሦስት ጥቅል፣ ማለትም ሦስት ዓይነት አፕ፣ ነው የማወጣው፤ አንዱ ለተማሪዎች፣ አንዱ ያልተከረከመውን ቅጂ እየሰማሁ የማርምበት የራሴ፣ አንዱ ደግሞ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ለእማዬ። መሠረታቸው አንድ ነው፤ የየራሳቸው ኋላ ይጨመራል። ጾመኛ ባለበት ቤት ቅቤው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የእሱ ወጥ ተቀንሶ ይወጣ የለ? እኔ ደንቆሮው ቅቤውን አስቀድሜ ጨመርሁት። የእኔ ብቻ የነበሩትን ቅጂዎች ለሦስቱም የጋራ በሆነው ክፍል ውስጥ አስገባኋቸው። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ፣ ያዘዝሁትን ሠራ። ምነው እጄን በቆረጠው! የተማሪዎቹ ገና ከእጄ አልወጣም፤ የእማዬ ግን ሄዷል።

የመጨረሻው ቅጂ ላይ አባባ ትምህርቱን ጨርሰው፣ መቅጃው የጠፋ መስሏቸው፣ ለብቻቸው ይጸልያሉ። «እግዚኦ አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ዮሐንስ» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸው ይቆረጣል፤ ሲያለቅሱ ይሰማል። ልሰርዘው ብዬ አቃተኝ፣ እታለሜ።

እማዬ የታናሻችንን የቴዎን የክርስትና ስም ትስተዋለች? እሱ ያለበት መተማ ኔትወርክ የለም እያልን አንቺንም ዋሸንሽ። ልቧ እስኪጠና ብለን ነበር። መርዶ በጎህ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ዘመድ ደግፎ ነው እንጂ በስልክ ይሰማል እንዴ? ብቻዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከሰማችው እሷም ትሄድብናለች።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ከአባባና ከነፍስ አባቷ ጋር እንመጣለን። እስከዚያ ስልኩን ብቻ ሳይሆን ፊትሽንም ደብቂልኝ። ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ማን አለኝ? እንባው እምቢ ካለሽ ሽንኩርት ክተፊ።

እመ ብርሃን ታጽናሽ። ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ምንም እንዳትነግሪያት።

ብቻውን የቀረው ወንድምሽ