የአባባ ሰረዞች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ቀኑን ሙሉ ከሰረዝ ጋር ስታገል ዋልኩ። የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ደወለ። «እህቴ፣ የአዲሱን የኦክስጅን ማሽን ትዕዛዝ ከመመሪያው ገልብጬ ሳስገባ እምቢ አለኝ።» መመሪያውን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ገጹን ከፈትኩት... አጭር መሆን ያለበት ሰረዝ ረጅም ሆኖ ይታያል። ለዓይን ያምራል፣ ማሽኑ ግን አያውቀውም። ሁሉንም አስተካክዬ ተገላገልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ተመልሰው ረዝመዋል! አለቃዬን ጠየቅኩት። «እኔን ምን አገባኝ? ራስሽን ጠይቂ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
እንደገና! ማን እንደለወጣቸው ገጹ ራሱ ያሳያል። ስሙን ደጋግሜ አነበብኩት። የአባባ ስም። ከእኔ በፊት እነዚህን ገጾች የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። ከቀበርነው መንፈቅ አልፏል... ለማን ልናገር? አባቴ ሥራ ገብቷል ልበል?

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሰረዞቹ ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ ረዘሙ። «አባባ?» አልኩ ሳላስበው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ዞራ አየችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7
እማ ቤት ሄድኩ። የአባባ ኮምፒውተር እንደበራ ነው! ገጾቹ ሲታተሙ እንዲያምሩ ብሎ ሰረዞቹን እንድታስረዝም የሠራት ትንሽ ፕሮግራም አሁንም በየቀኑ ትሠራለች። ቢሮ ደግሞ ወደ ገጾቹ የሚገባበትን መግቢያ የዘጋበት የለም። ማን አንጀቱ ችሎ ይዝጋበት?
«እማ፣ ለምን አላጠፋሽውም?»
«ለምን ይጠፋል? ሲያጉረመርም ስሰማው አባትሽ እዚያ ቁጭ ያለ ይመስለኛል።»
ሳላጠፋው ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ቴክኒሻኑ እንደገና ደወለ። ትዕዛዙ እምቢ ሲል አንዲት ሕፃን አየር አጥሯት ነበር። በእጅ እየነፉ ነው ያተረፏት። ሰረዞቹን አስተካከልኩ። ከዚያ የአባባን መግቢያ ዘጋሁ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው... ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
ገጾቹን ማንም አልነካቸውም። ትዕዛዙ ሠርቷል፣ ሕፃኗም ደህና ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
ከሥራ ስወጣ እማ ደወለች። «ልጄ፣ ቶሎ ነይ። አባትሽ ዛሬ ዕረፍት የለውም።»
ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ ያለወትሮው ይጮኻል፣ ግሏል። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻ ይመላለሳል፦ መግባት አልተፈቀደም። መግባት አልተፈቀደም። መግባት አልተፈቀደም...
«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ እማ፣ በሩ ላይ ቆማ።
«ምንም። ሥራ በዝቶበት ነው።»
ሶኬቱን ልነቅል ጎንበስ አልኩ። አቃተኝ።